ከእናናየሁ እጅ የተቆረሰ ኬክ

«ኬኩን የምቆርሰው እኔ ነኝ፤ ለእንግዳው የማድለውም እኔው ነኝ» አለች እናናየሁ። «ኬኩን ተቀብላችሁ እኔን ከደጅ የምታስቀሩኝ ከሆነ ግን፣ ከአሁኑ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

አስካለማርያም እናናየሁ ወደምትጋግርበት የደብረ ብርሃን ሆቴል የመጣችው ኬክ ልታዝ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ባስቀመጠው የጣሊያን መጽሔት ላይ ለሠርጓ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ መርጣ በጣቷ ካሳየች ገና አፍታም አልሞላ። አስተማሪ ናትና የተጠየቀችው ነገር ክብደቱ ገብቷታል። ሠርጉ የሚደገሰው አንኮበር፣ በአማቷ በወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ቤት ነው። አንኮበር ደግሞ እናናየሁን ያውቃታል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት።

በዚያን ጊዜ ከሸክላ ሠሪ ድስት ይገዛል እንጂ ከእጇ አይበላም ነበር። ቡዳ ናት ይባላላ! የእናናየሁ እናት ወለተሐና ያልሠራችው ድስት የተጣደበት ምድጃ አንኮበር ውስጥ አልነበረም፤ እሷ ግን ከማንም ደጃፍ አልፋ አታውቅም። የድስቷን ዋጋ ገብሱን እንኳ እጇ እንዳይነካቸው መሬት ላይ ያፈሱላት ነበር። እሷም ጎንበስ ብላ ከአፈሩ ትለቅማለች። ልጇም አብራት ለቅማለች።

እናቷ ስትሞት እናናየሁ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች፤ አንድ ጣሊያን በከፈተው በዚሁ ሆቴል ሰሃን አጣቢ ሆና ገባች፤ ከዚያም ኬክ መጋገር ተማረች። ፈረንጁ ስለ ቡዳ ምን ተዳው! አሥር ዓመት ሙሉ ሹሙም መንገደኛውም እሷ የጋገረችውን እያጣጣመ ሲበላ፣ ማን ጋገረው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

«ይሁን፣ እትዬ እናናየሁ» አለች አስካለማርያም በመጨረሻ። «አንቺው ቁረሺው።»

እናናየሁ መጀመሪያ ያደረገችው በመጽሔቱ ላይ የነበረውን ክሬም ማስጣል ነው። «ክሬም ለመንገድ አይሆንም፤ አንኮበር ሳንደርስ ይናዳል። እኔ ዘቢብና ማር ያለበት፣ ኮኛክ የጠጣ ኬክ ነው የምሠራልሽ፤ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። የላይኛውን ደርብ ግን እንዳትነኪው። ፈረንጆቹ ለመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያቆዩታል።»

ጥር ላይ ሦስቱን ደርብ በሦስት ሳጥን አድርጋ፣ ዙሪያውን በጤፍ ጭድ ጎዝጉዛ፣ በላንድሮቨር ተነሣች። እናቷም ድስቶቿን ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ስታወርድ እንዲሁ ነበር የምትጎዘጉዘው። ምን ያደርጋል፣ መንገዱ መንገድ አይደለም! ሲደርሱ የታችኛውን ደርብ ያለበሰው ስኳር ተሰንጥቆ ተገኘ። እናናየሁ አልደነገጠችም። እናቷ የተሰነጠቀ ሸክላ በቀጭን ጭቃ ስትለስን እያየች ያደገች ናት። የእንቁላል ነጭና የላመ ስኳር በጠበጠች፤ ስንጥቁን በጣቷ ለሰነችው፤ በማንኪያ ጀርባ አለሰለሰችው። ከዚያ ወዲያ ስንጥቁን ያየ የለም።

ኬኩ ዳስ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። «ከአዲስ አበባ የመጣ ነው» ተባባለ እንግዳው። እናናየሁ ሙሽሮቹን ቢላዋውን አስነክታ ቆረሰችና ማደል ጀመረች። የእንግዳው እኩሌታ ሰሃኑን እንደያዘ፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት።

«ቆይ እስቲ! ይቺ የዚያች የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አይደለችም? በስመ አብ! አስቀምጡ፣ ሰሃናችሁን አስቀምጡ! ልጄን በሠርጉ ቀን ልትበላብኝ ነው?»

ሰሃኑ ሁሉ ወደ መሬት ወረደ። መሬት ላይ የፈሰሰው ገብስ በእናናየሁ ዓይን መጣባትና ንዴቷ ፍርሃቷን ዋጠው።

«አዎ፣ የእሷ ልጅ ነኝ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከሹማምንቱ መካከል ወደ ተቀመጡት የሆቴሉ ደንበኛ ዞራ። «ግራዝማች ወልደተንሣኤ፣ በየቅዳሜው ሆቴል ብቅ እያሉ ሁለት ሁለት ቁራሽ የሚበሉትን ኬክ ማን የጋገረው ይመስልዎታል? አሥር ዓመት ከእጄ በሉ። ታዲያ እኔ ነኝ እርስዎን የበላሁዎት?»

ግራዝማችን ሳል ያዛቸው።

«እትዬ ወለተ ሥላሴ፣ እርስዎስ? ዛሬ ያበሉት ዶሮ ወጥ በማን ድስት ተሠራ? በእናቴ ድስት! ከእናቴ ድስት ሲወጣ ያልገደላችሁ፣ ከእኔ እጅ ሲወጣ ነው የሚገድላችሁ?»

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ ቀና አትልም፤ ወጉ ነው። አስካለማርያም ግን ቀና አለች። ከፊቷ ያለውን ቁራሽ አንስታ ጎረሰች፤ ባሏን ኃይለሚካኤልንም አጎረሰችው። ይኼኔ ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ አሥር ዓመት ያልገደለኝ ዛሬ አይገድለኝም» ብለው ሰሃናቸውን አነሡ። ሳቅ ሆነ። ግማሹ በላ፤ ግማሹ ሰሃኑን ከመደቡ ሥር ገፋ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ወይ ፍንክች! ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ።

የላይኛውን ደርብ እናናየሁ በሰም ወረቀት ጠቀለለችው። እናቷ በሠራችው አፈ ሰፊ ማሰሮ ከታ፣ አፉን በጨርቅ አሰረችና ደብረ ብርሃን ሙሽሮቹ ቤት አስቀመጠችው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ «ያን ነገር ለውሻ ጣሉት» ብለው ሦስት ጊዜ ላኩ። አስካለማርያም ሦስቱንም ጊዜ እንዳልሰማች ሆነች። እናናየሁ በየሦስት ወሩ እየመጣች ማሰሮውን ከፍታ ኬኩን ኮኛክ ታጠጣዋለች።

በዓመቱ ጥር ላይ ወንድ ልጅ ክርስትና ተነሣ። ማሰሮው ሲከፈት የማሩና የኮኛኩ ሽታ ቤቱን ሞላው። እናናየሁ ቆርሳ አደለች፤ ሁሉም በላ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ የሰውን አፍ አፍ ሲያዩ ቆዩና አስካለማርያምን ጠቀስ አደረጓት። «እስቲ ለእኔም ትንሽ አምጪልኝ፤ አንቺው አምጪልኝ።»

እናናየሁ ሰምታለች። ቁራሹን በሦስት ጣቷ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ከእጄ ነው፣ እትዬ። ካልሆነ ይቅር።»

አሮጊቷ ቁራሹን አዩ። እናቱ ከዚያ ኬክ በልታ የወለደችውን፣ እቅፋቸው ውስጥ የተኛውን ልጅ አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። እያላመጡም ብዙ ቆዩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ድገሚኝ።»

እናናየሁ ሁለተኛውን ቆርሳ ያዘች፤ አልሰጠችም።

«እናቴ ስም ነበራት» አለች። «ያን ሁሉ ዓመት ድስቷን ሲጥዱ "ሸክላ ሠሪዋ" ብቻ አሏት። ስሟን ይጥሩና ይጉረሱ።»

ረስተውት ይሆን? አልረሱትም።

«ወለተሐና» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ።

እናናየሁ አጎረሰቻቸው።