ዳለቻ ሞተር የተገጠመላት ቀን

መቱ ውስጥ መብራት ጠፋ ማለት ወሬ አይደለም። ወሬ የሚሆነው ሳይጠፋ ሲውል ነው። ባለፈው ሳምንትም አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ የምግብ ቤቴ ወንበር ሁሉ ሞልቶ እያለ ድርግም አለ። የእህቴ ልጅ ሀዊ ማንም ሳያዛት ወደ ጓሮ ወጥታ የጄኔሬተሩን ገመድ ሳበች። ድምፁ ሲነሳና የቤንዚን ሽታ በመስኮቱ ሲገባ ዓይኔ ወደ ጥግ ሄደ። ጥጉ ላይ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ተቀምጧል። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን ያያል። ሞተር ሲነሳ ግን ያውቃል። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በንዝረቱ ያውቃል። ያን ጊዜ ፊቱ ይለወጣል።

ያደግነው ከያዮ ወረድ ብሎ፣ ገባ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። አባታችን ቶሎሳ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የቡና አገር ሰው ሁሉ ጫካ ሲገባ እሱ ውሃ ስለሚገባ ሲያላግጡበት ኖረዋል፤ ዓሣውን ግን አይጠሉትም። ጀልባዋን ከዋንዛ ሳንቃ በገዛ እጁ ሠራት። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁባት መልኳ አመድ ስለመሰለ፣ እንደ ላም ዳለቻ ብሎ ስም አወጣላት። ክረምት ሲገባ ዓሣው ይቀርና ሌላ ሥራ ይመጣባታል። የማዶ ሰው ገበያ ሲወጣ፣ ሲታመም፣ ልቅሶ ሲደርስበት የሚሻገረው በእሷ ነው።

አንድ ወግ ነበረን። ወንዙ ሲሞላ በውሃ ላይ የሰው ስም አይጠራም። የሞላ ወንዝ ስም ከያዘ ባለቤቱን ሳይወስድ አያርፍም ይባላል። ስለዚህ መሻገር የፈለገ ሰው እጁን ከአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ የሚጠራው ጀልባዋን ነው። «ያ ዳለቻ! ያ ዳለቻ!» ይላል፣ በኦሮምኛ አንቺ ዳለቻ እንደ ማለት። አባባ ምግብ ላይ እንኳ ቢሆን ጉርሻውን መልሶ «ነን ዱፋ!» ብሎ ይመልሳል፤ መጣሁ ማለቱ ነው። ጠሪው ለገበያ ይሁን ለሕመም፣ ከድምፁ ብቻ ይለየዋል። እማዬ በዚህ አትምረውም ነበር። «ለአገሩ ሁሉ ጆሮ አለህ፤ እኔ ስጠራህ ብቻ ነው የሚደፈንብህ» ትለዋለች።

እኔ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት ታደሰ ከጋምቤላ መጣ። እዚያ ባሮ ላይ ከጀልባ ሠሪዎች ጋር ሲሠራ ከርሞ፣ አዲስ የጀልባ ሞተር በፍራሽ ጠቅልሎ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ነው የመጣው። ሞተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ከጣሪያው ሲያወርድ ያየ ሁሉ ሳቀ። ዓሣ የሚበዛው ከላይ፣ ውሃው ጥልቅ ከሆነበት ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ በቀዘፋ ደርሶ እስኪመለስ ዓሣው መቱ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። የአባባም ትከሻ እየዛለ ነበር። ማታ ማታ እማዬ ቅቤ ትቀባው ነበር።

የዳለቻ ጭራ ሹል ስለነበረ ሞተር አይዝም። ታደሰ መጋዙን ሲያነሳ አባባ ከጎኑ ቆመ።

«ጭራዋን ልትቆርጣት ነው?»

«ጭራዋን ቆርጬ ትከሻህን ላሳርፍልህ ነው፣ አባባ።»

አባባ ወደ ቤት ገባ። ለቤታችን በር ብሎ ያስቀመጠውን ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ተሸክሞ መጣ። በተቆረጠው በኩል ሳንቃውን በብሎን አሰሩት፣ ስንጥቁን በሬንጅ ደፈኑት፣ ሞተሩን ከላዩ አጠበቁት። ክብደቱ ኋላዋን ስላሰመጠው አባባ ከፊት እንዲቀመጥ ተወሰነ። «ዕድሜ ልኬን ቀዝፌ፣ ዛሬ ድንጋይ ሆንኩ» ብሎ ቀለደ።

የጋምቤላው መካኒክ ለታደሰ የሰጠው ምክር ነበር። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ቀን እየቀነሱ እየጨመሩ፣ ሳያጠፉ ለረጅም ሰዓት ያስኬዱታል። እትዬ ድንቄ የምንላት ጎረቤታችን ወዲያው ገባት። «በሉ እንግዲህ፣ እንደ አዲስ ድስት ይሟሻላ!» አለች። ሁላችንም ቃሉን ወደድነው። ሞተሩ እስኪሟሽ እንዳይጠፋ ተባለ።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ መስከረም ሊያልቅ ነው። ዝናቡ ገና አልወጣም። ወንዙ ደፍርሶ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ ጫካው ውስጥ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰውም፣ ከጸሎት ቤት የወጣውም፣ ሱቁን የዘጋው ነጋዴም ወንዝ ዳር ወጣ። ማዶም ሰው ተሰብስቦ ነበር። እኔና እትዬ ድንቄ ዓሣ በበርበሬ እየጠበስን፣ የበቆሎ እሸት ፍም ላይ እናገላብጣለን። እማዬ ብቻ የለችም። ማዶ ያገባችው ታላቅ እህቴ ሌንሴ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሶ ስለነበር ቀደም ብላ ወደ እሷ ተሻግራለች።

ታደሰ ገመዱን ሳበና ሞተሩ ጮኸ። በዚያ ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ተወርውረው ጠፉ። ዳለቻ ውሃውን እየሰነጠቀች ሽቅብ ወጣች፣ ዞራ ቁልቁል ወረደች፣ እንደገና ወጣች። እኛ እልል አልን። እትዬ ድንቄ «ጋሽ ቶሎሳ፣ ዛሬስ ሙሽራ መሰሉ!» እያለች ትጮሃለች፤ እሱ ግን አይሰማትም።

ጥቂት ቆይቶ እማዬ ማዶ፣ ሰው መሐል ብቅ አለች። ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ታውለበልበው ጀመር።

«እዩዋት! ሰምታ መጣች!» አለች እትዬ ድንቄ።

ታደሰም አያት። ጀልባዋን ወደ እሷ ጠጋ አድርጎ አዞረና እጁን አውለበለበላት። አባባ ከፊት ተነስቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ለሚስቱ በሰው ፊት እንዲህ ሲሆን አይተነው አናውቅምና በሳቅ ሞትን። እማዬ አፏ ይከፈታል፣ ነጠላዋ ይወዛወዛል። እልል የምትል መሰለን። ጀልባዋ አለፈቻት፤ ዞራ መጥታም እንደገና አለፈቻት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አየሁት።

ታደሰ ሞተሩ ሟሸ ብሎ ወደ እኛ ዳር አምጥቶ አጠፋው። ዓሣውን በቅጠል ዘርግቼ ለአባባ ሰጠሁት። ዝምታው እየተመለሰ መጣ፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ወፎቹ፣ ከዚያ ከማዶ የተሰበረ ድምፅ።

«ያ ዳለቻ!»

ቅጠሉ ከአባባ እጅ ወደቀ። «የእናታችሁ ድምፅ ነው» አለ። «የደስታ አይደለም።»

ሌንሴ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላ ነበር። ደሙ ግን አልቆም አለ። በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋት፣ ፀሐይ እንዳይመታት ከሰው ኋላ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አስተኝተዋት ነበር። እኛ ያላየናት ለዚህ ነው።

ሞተሩ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ተነሳ። አባባ ቀዝፎ ቢሆን ወንዙን በማያጋምስበት ጊዜ ውስጥ ደርሰው ተመለሱ። ዳለቻ ወደ ዳር ስትጠጋ ውሃ ገብቼ ሌንሴን ተቀበልኳት። ከንፈሯ ነጥቶ ነበር፤ ግን ፈገግ አለችልኝ።

«አልሚ፣ ዳለቻ እንዲህ ትሮጣለች እንዴ?» አለችኝ።

ለእኔ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። መንገድ ላይ የቡና ጭነት አይሱዙ አግኝተው ወደ መቱ ይዘዋት ሄዱ። ሁሩሙ ከተማን እንዳለፉ በእማዬ ክንድ ላይ አረፈች።

ልቅሶው ላይ ማንም ማንንም አልወቀሰም። እማዬ ግን ለመጣ ሁሉ አንዱን ነገር ትደጋግም ነበር። «መጀመሪያ ዳለቻን ጠራሁ። ኋላ ወጉን ተውኩና ስማቸውን ጠራሁ። ታደሰ አልኩ። አልማዝ አልኩ። የባሌን ስም በአፌ ጠርቼ አላውቅም፣ እሱንም ጠራሁ። ባርኔጣውን አወለቀልኝ።» አባባ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ይወጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ባርኔጣ በራሱ ላይ አላየሁም። ዳለቻም ላይ አልወጣም።

ከዘመዶቻችን አንዱ ሞተሩ ወንዝ ይጣል አለ። አባባ አልፈቀደም። «ነገም ሌላ ሴት ትወልዳለች» አለ።

ታደሰ ሥራውን ቀጠለ። ግን ወንዙ መሐል ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል። ዳለቻ በውሃው ስትንሳፈፍ ወደ ሁለቱም ዳር ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፤ ከዚያ ገመዱን ይስባል። ተሳፋሪ ይነጫነጫል፤ ሞተሩን ታበላሸዋለህ፣ ገበያው አለፈብን ይለዋል። ድልድይ ተሠርቶ ዳለቻ ዳር ላይ እስክትበሰብስ ድረስ እንዲህ ኖረ። ያዳምጥበት የነበረውን ጆሮ ሞተሩ ቀስ በቀስ በላው።

ያን ጎህ የተወለደችውን ሀዊን ያሳደግናት እኔና እሱ ነን። ታሪኩን ታውቃለች። ስለዚህ ባለፈው ሳምንትም፣ ደንበኛ እየጠበቀ፣ ጭማቂ ማሽኑ ግማሽ ላይ እያለ ታደሰ እጁን ከፍ ሲያደርግ ወደ ጓሮ ሄዳ ጄኔሬተሩን አጠፋችው። የቆዩት ደንበኞቼ ለምደውታል። አንድ እንግዳ ሰው ብቻ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ተነሳ። ዝም በል አልኩት በእጄ።

ታደሰ ዓይኑን ከንፈሬ ላይ ተክሎ «የጠራ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ባጃጅ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች። ጓሮ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ከዚያ ወዲያ ምንም አልነበረም።

«ማንም የለም፣ ጋሼ» አልኩት። እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን ሳላዳምጥ መልሼለት አላውቅም።