ኮሶዬ ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ኬብል

ጎንደር፣ አዘዞ ካለው የዲሽ ሱቅ ረዳት ሆኜ በገባሁበት ቀን፣ ጠዋት የዘረጋሁትን ኬብል ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መልሼ ነቀልኩት። ባለሱቁ ጋሽ መላኩ ግድግዳውን በአንድ ዓይናቸው አነጣጥረው አዩና መስመሩ መሃል ላይ ረግቦ ሆድ ማውጣቱን ነገሩኝ። ክሊፖቹን ስንዝር በስንዝር ለክቼ እንደገና መታሁ። ሲመሽ "ነገም ነይ" አሉኝ፤ መቀጠሬን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ክፍል ስለሆነ የተነገረኝን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ውጭ የሚዘረጋ ኬብል በራሱ ክብደት እንዳይረግብ መጀመሪያ ሽቦ ይወጠራል፤ ኬብሉ በሽቦው ላይ በየክንዱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል። የዝናብ ውሃ ተከትሎት ቤት እንዳይገባ ከመግቢያው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል። መንገድ ሲያቋርጥ ደግሞ ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ እንዳይደርስበት ይደረጋል። ይህ የጋሽ መላኩ ደንብ ለከተማ ይበቃ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዋና ሠራተኛ ሆንኩ። በሰኔ ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለው ኮሶዬ፣ አያ ታከለ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ተላክሁ። ዲሹ በሚዞርበት በምሥራቅ በኩል ባሕር ዛፍ ሰማዩን ስለዘጋው ዲሹን ከመንገዱ ማዶ፣ ማሳቸው ዳር ተከልኩት። ኬብሉ የግድ መንገዱን ማቋረጥ ነበረበት። ሁለት ምሰሶ አቁሜ ሽቦውን ከቤቱ ቆርቆሮ ክፈፍ ጋር እኩል ወጠርኩት። ከፍ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን ከክፈፉ ጋር ሲተካከል ያምራል። አያ ታከለም ቀና ብለው አይተው ሸጋ ነው፣ በክር የተሰመረ ይመስላል አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

በኅዳር ስልክ ተደወለ። የአያ ታከለ ጎረቤት የእትዬ ስንዱ አህያ የገብስ ነዶ ተጭና ስታልፍ ጭነቱ ኬብሉን ይዞታል። ዲሹ ተነቅሎ ወደቀ፣ አህያዋም በጉልበቷ ተደፋች። ጋሽ መላኩ ሲልኩኝ ጭነቱ በዛ እንድላቸው አዘዙኝ፤ ሱቁን አሰድቤ እንዳልመለስም አስጠነቀቁኝ።

ስደርስ ሁለቱ ጎረቤታሞች ከወደቀው ኬብል ግራና ቀኝ ቆመዋል። አህያዋ ታነክሳለች፤ እትዬ ስንዱ ሌላ የላቸውም። ገብሱ ታጭዶ ማሳ ላይ ተኝቷል፣ ሰማዩም ያለወቅቱ ጠቁሯል። አያ ታከለ ግን ሆን ብላ ነው የነዳችብኝ ባይ ናቸው።

"ምነው አያ ታከለ፣ አህያም ቴሌቪዥን ትመቀኛለች?" አሉ እትዬ ስንዱ።

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ አንቺ የተማርሽው ተናገሪ። ጥፋቱ የማን ነው?"

ጋሽ መላኩ ያሉኝን አሰብኩ። አህያዋን አየሁ።

"የኔ ነው" አልኩ። "የለካሁት ለሰው ነው፤ ለጭነት አልለካሁም። መንገዱ ነዶ የሚያልፍበት መሆኑንም አልጠየቅሁም።"

ከዚያ አያ ታከለ ወደ ጓሯቸው ሄደው በቅሏቸውን አወጡና ለእትዬ ስንዱ ሰጧቸው።

"ዝናቡ ሳይቀድምሽ ቶሎ ጫኚ" አሏቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳያዩ።

በቅሎዋ በነዶ ተጭና ስትመጣ መንገዱ ላይ እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው። ከመሬት እስከ ጭነቱ ጫፍ በዘንግ ለክቼ ሁለት ክንድ ጨመርኩ። ረዣዥም ምሰሶዎች ተቆርጠው ቆሙ። አዲሱ መስመር ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ከምንም ጋር አይገጥምም፤ አያምርም። እንደዚያው ተውኩት። ገብሱ በዚያው ቀን አውድማ ገባ።

ጋሽ መላኩ የተናገርኩትን ሲሰሙ ለአንድ ወር ወደ ረዳትነት መለሱኝ። አልተከራከርኩም።

ኬብላችሁ መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ በመከር ጊዜ በዚያ ምን ተጭኖ እንደሚያልፍ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ጠይቁ። ምሰሶ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።