ለፈተና የጻፍኩት ኑዛዜ

ኑዛዜ ጽፌ የማውቀው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለፈተና ስዘጋጅ።

አምቦ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም እሠራ ነበር። ደንበኞችን ስለ ግል ገንዘብ ዕቅድ የሚያሠለጥን ሰው ተፈለገና ፈተና ወጣ። ያለፈ አምቦ ይቀራል፤ የወደቀ እንጭኒ ወደተከፈተው አዲሱ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ባለቤቴ አምቦ ነርስ ናት። ስለዚህ መውደቅ ማለት ብቻዬን እንጭኒ ተቀምጬ የራሴን ሽሮ ማቃጠል ነበር።

ፈቃድ ወስጄ መጋረጃውን ዘጋሁ። በጀት፣ ቁጠባ፣ መድን፣ ጡረታ፤ እስከዚህ ደህና ሄደ። የመማሪያ መጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ውርስ ነው፤ “የራስዎን ኑዛዜ በመጻፍ ይለማመዱ” ይላል። እኔ ደግሞ ታዛዥ ተማሪ ነኝ። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ለማንም ልሰጠው አልቻልኩም። አልጋና ቴሌቪዥኑን ለባለቤቴ፣ ሞተር ብስክሌቴን አዲስ ዓለም ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ተናዘዝኩ። አምሮልኝ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ትቼው ልታጠብ ጓሮ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ለካ ወንፊት ሊዋሱ ገብተዋል። አስተማሪ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳያነብ አያልፍም። ስመለስ ወንፊቱም የለም፣ እሳቸውም የሉም።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ብርቱካን በፌስታል፣ ሙዝ፣ አንድ ሳጥን የአምቦ ውሃ። ከባለቤቴ ጸሎት ቤት የመጡት እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ የእናቴ ማኅበርተኞች ደግሞ ጠበል ረጩኝ። ለሁለቱም አሜን አልኩ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ከተቀመጥኩበት አልጋ አጠገብ ወንበር ስበው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ።

“አካም ጂርታ ልጄ? ፈያዳ?”

“ደህና ነኝ አባባ። እያጠናሁ ነው፤ ፈተና አለብኝ።”

ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “መቼ ነው የጀመረው?”

እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። የምታለቅስ መስሏቸው ሴቶቹ ተከተሏት። በኋላ ለምን እውነቱን እንዳልነገረቻቸው ብቆጣት፣ “ሊጠይቅ የመጣን ሰው አልታመመም ብዬ ልመልስ?” አለችኝ። ወንድሜም በማግስቱ ከአዲስ ዓለም ደረሰ። መጀመሪያ ሞተሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን።

ጥየቃው እስከ ፈተናው ዋዜማ ቀጠለ። ስለ መድን ያለውን ምዕራፍ ዳግመኛ አልከፈትኩትም። ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፦ መጠባበቂያ ገንዘብ የሌለው አባወራ በድንገት ቢታመም ምን ይገጥመዋል? ተናድጄ ነበር፤ ግን የማውቀውን ጻፍኩ። “ቤቱ በሰው ይሞላል” ብዬ ጀምሬ ስለ ብርቱካኑ አንድ ገጽ ሞላሁ። መልሱ “ዕዳ ውስጥ ይገባል” ነበር። ዜሮ ሰጡኝ፤ በዚያው ወድቄ እንጭኒ ሄድኩ።

እዚያ በገበያው መንገድ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ድጋሚ ፈተና ሲፈቀድልኝ እንደገና ፈቃድ ወስጄ መጋረጃዬን ዘጋሁ። ኑዛዜውንም እንደገና ጻፍኩ፤ ሞተሩን አሁንም ለወንድሜ። ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

ሦስት ቀን ማንም አላንኳኳም። የእንጭኒ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መኖሬን ማን አወቀና። የተመኘሁትን ጸጥታ አገኘሁ፤ አንድ መስመር ግን አልገባኝም። ሆዴ ባባ። በአራተኛው ቀን ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁና የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ቤት የት እንደሆነ ጠየቅኩ።

ጸሐፊው አዛውንት ናቸው። ስሜን መዝግበው መዋጮውን ከተቀበሉኝ በኋላ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

“ፊትህ ጠቁሯል ልጄ። አሞሃል እንዴ?”

“አዎ” አልኳቸው።