ስቲከር ለመላጥ ውጫሌ ድረስ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጅጅጋ

ጅጅጋ በኅዳር ጠዋት ትበርዳለች። ሶማሌ ክልል ሲባል ላብ በላብ የሆነ ሰው ብቻ ለሚታያችሁ አንባቢዎቼ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ነፋሱ የባጃጆቹን ሸራ ያርገበግባል። እኔ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ማተሚያ ቤቴ በር ላይ ቆሜያለሁ። በግራ ብብቴ አንድ ካርቶን አዲስ ስቲከር፣ በቀኝ እጄ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሙሉ አሴቶን ይዣለሁ። አሴቶን ሴቶቻችን የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ነው። እኔ ዛሬ የምፈልገው ጥፋቴን እንዲያስለቅቅልኝ ነው።

ጥፋቴ ይህ ነው። ሆዳን የምትባል የሰፈራችን ነጋዴ አለች፤ ሁላችንም ኤዶ ሆዳን እንላታለን፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። በዕድሜ ታላቄ ብትሆንም አንቱ ስላት "አስረጀኸኝ" ብላ ስለምትቆጣ አንቺ ነው የምላት። ለአሥራ ስምንት ዓመት ሎሽኑንም፣ ሻምፖውንም፣ የፊት ክሬሙንም ከድንበር ማዶ በኮንትሮባንድ ስታስገባ ኖራለች። ራሷም አትደብቀውም። "ሕጋዊ ሁኚ" እያልኩ ዓመት ሙሉ የሰበክኳት እኔ ነኝ። ፈቃድ አውጪ፣ ዕቃሽን በጉምሩክ አስገቢ፣ ገላጭ ጽሑፉን እኔ አለሁልሽ አልኳት። መጨረሻ ላይ ሰማችኝና በሕይወቷ የመጀመሪያውን ሕጋዊ ጭነት አስመጣች፤ ሃያ ካርቶን የሰውነት ሎሽን።

ጽሑፉ በሙሉ ዓረብኛ ስለነበር የአማርኛና የእንግሊዝኛ ስቲከር መጋዘን ውስጥ እንዲለጠፍበት ተፈቀደላት። ያንን ስቲከር የሠራሁት እኔ ነኝ። ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚቀቡት፣ ማን እንዳስመጣው፣ ምኑም አልቀረም። ያማረ ስቲከር ነበር። እንዲያውም ከግርጌው የማተሚያ ቤቴን ስም "ለውጫዊ የሰውነት ክፍል ብቻ" ከሚለው ማስጠንቀቂያ አስበልጬ አተምኩት። ይህን ሁሉ ለማስገባት ስቲከሩ ትልቅ መሆን ነበረበት፤ ትልቅ ሲሆን ደግሞ በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ድርግም አድርጎ ሸፈነው። ነጋዴውን ሁሉ ሰብስቤ "ቀኑ እንዳይሸፈን!" እያልኩ የምመክረው እኔ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ዕቃው ያለበት የቶጎ ውጫሌ ድንበር መጋዘን ተቆጣጣሪ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ዕቃው ወደመጣበት ይመለሳል ብላለች። ኤዶ ሆዳን ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ታዴ፣ ዕቃው ካለፈ በሕግ እቀጥላለሁ። ካላለፈ የድሮ መንገዴን አልረሳሁትም" ብላ ዘጋችው።

2 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ፒክአፑ የፋራህ ነው፤ ይህን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሹፌር። ኤዶ ሆዳን ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ከኋላ ጀሪካኔን በጉልበቴ መሐል ይዤ። ክዳኑ ልል ነው መሰለኝ ሽታው መኪናውን ሞላው።

"ይሄ ሰውዬ ቤንዚን ነው የጫነብኝ?" ይላል ፋራህ በመስታወቱ እያየኝ።

"ለሙጫ ፍቱን ነው። ታያለህ።"

"ግንባርህ ላይም አንድ ስቲከር ለጥፍ። 'ከልጆች አርቁ' የሚል።"

ኤዶ ሆዳን አልሳቀችም። መስኮቱን ከፈተችው፤ ብርዱና አቧራው አንድ ላይ ገቡ። ሜዳው ዓይን እስኪደክም ድረስ ዝርግ ነው። የታጨደ ማሽላ፣ የእሾህ አጥር፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ ጥሩንባ የማይሰሙ ግመሎች። ፋራህ ሞተሩን አጥፍቶ ግመሎቹ እስኪያልፉ ጠበቀ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ቁርስ መንገድ ዳር ካለች የቆርቆሮ ቤት በላን። ጉበት በአንጄሮ፣ በሶማሌው ስስ እንጀራ ማለት ነው፣ ሻይ በግመል ወተት፤ ሻዩ ሃያ አምስት ብር ገብቷል። ኤዶ ሆዳን ሁለቴ ጎርሳ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

"የገላጭ ጽሑፉን መመሪያ ከስልክህ አንብብልኝ" አለችኝ።

አነበብኩላት። መጀመሪያ የነበረው ጽሑፍ ላይ ያለ ቀን እንዳይሸፈን ወደሚለው ነጥብ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ።

"ይቺን ድገማት" አለች። ደገምኳት። አስተናጋጁም ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማ ነበር።

3 ሰዓት ተኩል፣ ቶጎ ውጫሌ

ውጫሌ ማለት የተሰለፈ ከባድ መኪና፣ ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ የተቆለለ ፍራሽ፣ የሚጮህ ደላላና ከሁሉ በላይ የሚበር አቧራ ነው። መጋዘኑ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ሂጃቧ ውስጥ ሽጣዋለች። የኤዶ ሆዳንን ወረቀት አይታ መለሰችላትና ወደ እኔ ዞረች።

"እስከ አሥር ሰዓት። ከዚያ በኋላ በእኔ እጅ አይደለም።"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጨርቅ አሴቶን ውስጥ ነክሬ ስቲከሩን ሳሸው፣ ከነሙጫው ተንሸራቶ ወረደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አፌንም አልገታሁትም።

"አየሽ ኤዶ? እውቀት ማለት ይሄ ነው!"

ፋራህንና እሷን ጠርሙስ አቀባይ አድርጌ እኔ እየነከርኩ እያሸሁ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ካርቶን ጨረስን። አርባ ስምንት ጠርሙስ፣ አዲስ የተወለዱ መስለው ተደረደሩ። ኤዶ ሆዳን አንዱን አነሳች። ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ መልሳ አራቀችው።

"ታዴ፣ ቀኑ የታል?"

"ከታች ነው፤ በጥቁር..."

ተቀብዬ አየሁ። ሌላ አነሳሁ፤ ሌላም። በመጨረሻ ጨርቄን አየሁት፤ ጥቁር ሆኗል። የአርባ ስምንቱም ጠርሙስ ቀን ጨርቄ ላይ ነው።

ፋራህ ጀሪካኑን አዙሮ ጀርባው ላይ ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ። "ማስጠንቀቂያ፦ የታተመ ጽሑፍን ያጠፋል።" ያችን ስቲከር ለአሴቶኑ አከፋፋይ ያተምኩለት እኔው ነኝ። ካተምኳት ከራርማለች፤ አንብቤያት ግን አላውቅም።

5 ሰዓት፣ እዚያው

አሁን የምጽፈውን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የቀን ማህተም አለ፤ ለማተሚያ ቤት ሥራ የምይዘው ነው። ፕላስቲክ ላይ የሚይዝ ቀለምም አለኝ። ወደ ኤዶ ሆዳን ጆሮ ጠጋ አልኩ።

"ቀኑን መልሰን እንምታበት። ውሸት እኮ አይደለም። የሌሎቹም ቀን ያው ነው።"

ጆሮዋን ከአፌ አርቃ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ መለሰችልኝ።

"እውነት ከሆነ ለምን በሹክሹክታ ትነግረኛለህ?"

እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እንደከተትኩ ቀጠለች።

"ወሪያ ታዴ፣ ማጭበርበር ብፈልግ አንተ ለምን ታስፈልገኛለህ? በዚያስ እኔ ላንተ አስተማሪ ነኝ። አንተን ያመጣሁህ ሌላውን መንገድ እንድታሳየኝ ነበር።"

አፈርኩ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ፣ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ማህተሙን ቦርሳዬ ሥር ቀበርኩት። አሥራ ስምንት ካርቶን ቀርቷል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አጥፍተናል፤ በእጄ ያለው ብልሃት ደግሞ የጠርሙሶቹን ቀን የበላው አሴቶን ነው።

ያዳነን ፋራህ ነው። ሳይናገር ወጥቶ፣ በር ላይ ሻይ ከምትሸጠው ሴትዮ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዞ መጣ። ፎጣ ነክሮ ጨመቀና አንዱን ጠርሙስ ጠቀለለው። እስከ ስልሳ ቆጠረና ፈታው። ስቲከሩ እንደ ድንች ልጣጭ ሙሉውን ተነሳ። ቀኑ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

"የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ የማነሳው እንደዚህ ነው" አለ።

"ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

"ፍቱን ይዣለሁ አልከኝ።"

ሥራውን ተካፈልን። ፋራህ ይጠቀልላል፣ ኤዶ ሆዳን ትልጣለች፣ እኔ አነስ ያለውን አዲሱን ስቲከር ከቀኑ አርቄ እለጥፋለሁ። የማተሚያ ቤቴ ስም ከአዲሱ ላይ ወጥቷል፤ ያን ያህል እንኳ ተምሬያለሁ። ሻይ ሻጯ ማንቆርቆሪያዋን አምስቴ ሞላችልን። ምሳ አልበላንም። ጣቶቼ በሙቀቱ ተላጡ። ስምንት ሰዓት ላይ አሥር ካርቶን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አራት። ኤዶ ሆዳን በየመሐሉ ቀና እያለች የመጋዘኑን በር ታያለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።

10 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ከየካርቶኑ ሁለት ሦስት ጠርሙስ እያወጣች አገላበጠች። ቀን፣ መለያ ቁጥር፣ ማስጠንቀቂያ፣ አስመጪ። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማኛል። አሥራ ስምንተኛውን ጨርሳ ግድግዳ ጥግ ወደተቀመጡት ሁለት ካርቶኖች ዞረች።

"እነዚህስ?"

ፋራህ አየኝ። ኤዶ ሆዳን አየችኝ።

"ቀናቸውን እኔ አጥፍቼዋለሁ" አልኩ። "በአሴቶን።"

"አይሸጡም። ይወገዳሉ።"

"አውቃለሁ" አለች ኤዶ ሆዳን፣ ከእኔ ቀድማ።

ተቆጣጣሪዋ ቅጹን እየሞላች፣ ምክንያት ከሚለው ጎን "በባለሙያ ስህተት" ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ቀና አለች።

"'ባለሙያ' የሚለውን ላውጣው?"

"ያውጡት" አልኳት።

ሰረዘችው። ከዚያ ለአሥራ ስምንቱ ማህተሙን መታች። ኤዶ ሆዳን ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ፤ ምን እንዳሰበች አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም ወኔው አልነበረኝም።

11 ሰዓት ተኩል፣ ኬላ

አሥራ ስምንቱን ካርቶን ጭነን፣ ሸራ አልብሰን ተነሳን። እስከ ኬላው ድረስ በልቤ እቆጥራለሁ፦ ሁለት ካርቶን አስጠፋሁባት፣ አንድ ቀን ሙሉ አስለፋኋት፣ በመጨረሻም እንድታጭበረብር መከርኳት። እኔ ብሆን ወደ ድሮ መንገዴ እመለስ ነበር።

የኬላው ፈታሽ ደክሞታል። ገመዱን ዝቅ አድርጎ በእጁ እለፉ አለን። ፋራህ ማርሽ አስገባ።

"ቁም!" አለች ኤዶ ሆዳን።

"ኤዶ፣ እለፉ ብሎናል እኮ።"

"ቁም አልኩህ!"

ከመኪናው ወረደች። እኔም ደንግጬ ተከተልኳት። ሰውዬው ፊት ሄዳ ቆመችና ወረቀቱን ዘረጋችለት።

"ፈትሸኝ።"

"እናቴ፣ እለፉ አልኩ እኮ።"

"አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ስደርስ ወርጄ በዚያ በኩል በእግሬ ነው የዞርኩት" አለች፣ በጣቷ ከኬላው ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ እያሳየችው። "ወላሂ ሳታየው አልሄድም።"

ከኋላችን የቆመ አይሱዙ ጥሩንባ ነፋ። ፈታሹ ተነፈሰና ሸራውን ገለጠ። አንድ ጠርሙስ አውጥቶ አገላበጠ፣ ወረቀቱን አየ፣ ካርቶኖቹን ቆጠረ።

"ትክክል ነው።"

"ምን አልክ?"

"ሕጋዊ ነው፣ እናቴ።"

"ጮክ በል። ይሄም ሰውዬ ይስማ" አለች፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

"ሕጋዊ ነው!" ብሎ ጮኸ ፈታሹ።

እንባዬ መጣ። በአሴቶኑ እንዳላመካኝ ጀሪካኑን ውጫሌ ጥዬዋለሁ።

ኤዶ ሆዳን ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችና ወደ መኪናው ገባች። ፋራህ ገና ሳይነሳ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ።

"ታዴ፣ የሚቀጥለው ጭነት ሻምፖ ነው" አለችኝ። "ስቲከሩን ትንሽ አድርገው።"