የጉሙ ቁጥር

ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣና መስኮቱ ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ይይዛል። ሰማያዊ የሥራ ጃኬቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል። የጌም ቤቷ ባለቤት ስሙን ጠይቃው አታውቅም፤ በልቧ «ጠራጊው» ትለዋለች። ሌላው ደንበኛ ገና ከመቀመጡ ተኩስ ይከፍታል። እሱ ግን መጀመሪያ ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ፣ ጌሙ የደበቀውን የቅንብር ፋይል ፈልፍሎ ምስሉን የሚቆጣጠሩትን ቁጥሮች ይቀይራል። ጥላውን ካጠፋው፣ ሣሩንም ከነቀለው ቆይቷል። ጉሙን ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀንሰዋል። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ካለ የመንገድ ታፔላ ፊት ይቆምና ጽሑፉን በከንፈሩ እያነበበ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ጨዋታው ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ጌሙን እኮ አጥንቱን አስቀሩት! መቼ ነው የሚጫወቱት?» አለችው ዛሬ።

«መጀመሪያ ይጥራልኝ፣ ልጄ።»

ጎንበስ ብላ አየች። የጉሙ ቁጥር ዜሮ ገብቷል። ታፔላው፣ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ተራራ ሳይቀር እንደ መስታወት ጠርቶ ይታያል።

«ከዜሮ በታች አይቀበልም እንዴ?» አላት።

«ምን ቀረና ጋሼ?»

«ጉሙ ነዋ። ዛሬም አልለቀቀም።»

ስክሪኑን ደግማ አየች። እሱ የእጅ ሰዓቱን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ አየና ደንገጥ አለ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ዳብሶ አነሳ፤ ወጣ። በመስኮቱ በዓይኗ ስትከተለው መንገዱን ተሻገረ፤ ተሳፋሪ ጢም ብሎ የሞላው አውቶቡስ ውስጥ ገባና መሪውን ያዘ።