ቀድሞም ዘግይቶም ያልተሳፈረው ጃለታ

ጃለታ አዲሱ ገበያ ካለው ጋራዥ ውስጥ የሚኒባስ ሞተር ሲፈታ የሚያየው ሰው የመርከብ መካኒክነት የተማረ መሆኑን አይገምትም። የሠፈሩ ልጆች ግን «ካፒቴን» ይሉታል፤ ባሕር አይቶ እንደማያውቅ ስለሚያውቁ።

ትምህርቱን እንደጨረሰ የመርከበኞችን ሥልጠና ወዲያው ወሰደ። እሳት ማጥፋት፣ መርከብ ሲሰምጥ ነፍስን ማትረፍ፤ ይህን ያልሠለጠነ ሰው መርከብ ላይ አይሠራም። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። ጃለታ አምስቱንም ዓመት ቀጣሪ ሲጠብቅ ጨረሰው።

አብሮት የተማረው ጎረቤቱ ፊሊሞን ሥልጠናውን ሲያድስ ጃለታ ሳቀበት።

«ለየትኛው መርከብ ነው? እንጦጦ ላይ ለሚቆመው?»

«ቢጠሩኝስ?»

«እኔ ሲጠሩኝ አድሳለሁ። ሁለተኛ አልሞኝም፣ በቃ!»

ባለፈው ጥቅምት ጃለታ ተጠራ። የአንድ የውጭ ቀጣሪ ወኪል ሠራተኛ የሆነችው ሮሐ ደውላ፣ ጅቡቲ የሚገባ መርከብ የሞተር ክፍል ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረችው። እናቱ ወይዘሮ እሌኒ እስኪመሽ ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሱት።

በማግስቱ ሮሐ እንደገና ደወለች።

«ሥልጠናህ ታድሷል አይደል?»

«አሁን አሳድሳለሁ።»

«የሚቀጥለው ዙር የሚጀምረው እኮ መርከቡ ከሄደ በኋላ ነው። ወንድሜ፣ እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«እናንተን» አለ ጃለታ።

ቦታው ለፊሊሞን ተሰጠ።

በሽኝቱ ቀን ሠፈሩ በሙሉ ወጣ። ጃለታም ቢቀር እንዳይታማ ብሎ የፊሊሞንን ሻንጣ ተሸከመ። አንዲት ጎረቤት እናቱን ጠጋ ብለው፣ «እሌኒዬ፣ የሚሄደው ያንቺ ልጅ አልነበረም እንዴ?» አሏቸው። ወይዘሮ እሌኒ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ፊሊሞን መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጃለታን አቀፈው።

«የሚቀጥለው ያንተ ነው። አሁኑኑ አድስ።»

«አድሼስ ባይጠሩኝ?»

ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

በሳምንቱ ጃለታ ለሥልጠናው ተመዘገበና የጋራዡን ባለቤት ፈቃድ ጠየቀ። ባለቤቱ ጋሽ ኑሪ ደስ አላቸው።

«መርከብ ተገኘልህ ማለት ነው?»

«የለም ጋሼ፤ አልተገኘም። አምስት ዓመቱ ግን መርከብ ቢገኝም ባይገኝም ሠልጥኜ ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።»