አባቴ ወንድሜን ለፖሊስ የሰጠበት ሳምንት

ወንድሜ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት እሱ ውሎውን ፑል ቤት አደረገ። አንድ ቀን እናታችን ልብሱን ልታጥብ ስትል ከሱሪው ኪስ የሰው ስልክ አገኘች። ከአንዲት ተማሪ እጅ መንትፎት ነው።

አባቴ ሆስፒታል ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ልጅ መትቶ አያውቅም። ያን ቀንም አልመታውም። "እርጥብ ሳለ ካልተቃና ሲደርቅ ይሰበራል" አለና እጁን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። እኔም ተከተልኳቸው።

የተቀበለችን የሕፃናትን ጉዳይ የምትከታተል ወጣት ፖሊስ ነበረች። ወንድሜን ለብቻው አነጋግራው ወደ እኛ ተመለሰችና አባቴን አነጋገረችው።

"አባቴ፣ ስልኩን ራሱ ይመልስ፤ ልጅቷንም ይቅርታ ይጠይቅ። ከዚያ በየሳምንቱ እኔ ዘንድ ይምጣ። ሙያ የሚለምድበት የእንጨት ሥራ ቤትም እፈልግለታለሁ።"

"እሱ ማባበል ነው፣ ልጄ። ጥቂት ቀን እሰሩልኝ። ይፍራ።"

"ለልጆች የተለየ ክፍል የለንም። ከትልልቆቹ ጋር ነው የሚያድረው።"

አባቴ አልሰማትም። ከእሷ በላይ ያለውን ኃላፊ ያውቀው ስለነበር ገብቶ ለመነው። ወንድሜን ሲያስገቡት ዞሮ አየን። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

በሳምንቱ ሲወጣ ዝምተኛ ሆኖ ነበር። ከቤት አይወጣም፤ የታዘዘውን ይሠራል። አባቴ "አየሽ፣ ተገራ" አለኝ። እፎይታው ከድምፁ ይሰማ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ በራችን ላይ ቆሞ ወንድሜን አስጠራው። ወንድሜ "አያ" ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አባታችንን እንዲያ አክብሮ ሰላም ካለው ቆይቷል።

"ማነው?" አልኩት ሰውየው ሲሄድ።

"እዚያ ውስጥ ሲደበድቡኝ ያስጣለኝ እሱ ነው። ከእሱ ሌላ ማን ደረሰልኝ?"

ከዚያ በኋላ ልንይዘው አልቻልንም። ከዓመት በኋላ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ አንድ የባጃጅ ሹፌር በጩቤ ወግተው ሲዘርፉ እሱና ያ ጎልማሳ አብረው ተያዙ። ሹፌሩ ተርፏል፤ ቀኝ እጁ ግን አይታዘዘውም። ወንድሜ ተፈረደበት።

ማረሚያ ቤት ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ወንድሜ አባታችንን ማየት አይፈልግም። አባቴ ግን ሁልጊዜ አብሮኝ ይመጣል፤ ከበሩ ማዶ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ባለፈው ስወጣ ብድግ አለ።

"ከስቷል?"

"አልከሳም።"

"እኔንስ ጠየቀ?"

"እንሂድ አባባ፣ ታክሲ ሳይጠፋ" አልኩት።